ከእኛ በፊት ይህ ቦታ የማን ነበር?

በኖቬምበር መጀመሪያ ላይ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ የቤት ሥራ ይዛ መጣች። ወረቀቱ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «አሁን ቤታችሁ ያለበት ቦታ ከእናንተ በፊት የማን ነበር? ቤተሰባችሁን ጠይቁ» ይላል። እኔ ሰላጣ እየከተፍኩ ነበር። «ከእኛ በፊት የአንድ ጡረተኛ ሰውዬ ነበር፤ አሁን ደግሞ የባንክ ነው» አልኳት። ባለቤቴ ሳቀች። ልጄ ግን አልሳቀችም።

«ከሰውየውስ በፊት?»

«እንጃ፣ ቤቱን የሠራው ኩባንያ ይሆናላ።»

«ከኩባንያውስ በፊት?»

ከአዲስ አበባ ልትጠይቀን የመጣችው እናቴ ስለ ምን እንደምናወራ ጠየቀችኝና ነገርኳት። «ባለርስቱ ማን ነበር ነው የምትለው?» አለች። «ጥሩ ጥያቄ ነው እኮ! ማን ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ሲያትል አካባቢ ስኖር ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነው።

ልጄ ቀጠለች። ክፍል ውስጥ የተማረችውን የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ለመመለስ ትንሽ ታገለችና፣ «አባዬ፣ እኛ ሰፋሪዎች ነን እንዴ?» አለችኝ። እኔም እንደ ብዙ ኢትዮጵያዊ አባት ፈጥኜ ወደ ዓድዋ ሮጥኩ። እኛ ቅኝ ያልተገዛን ሕዝብ ነን፤ ባሕር ተሻግረን የሰው አገር አልወሰድንም፤ ይህ የአውሮፓውያን ጉዳይ ነው አልኳት። በትዕግሥት አዳመጠችኝና፣ «እሱማ ስለ ኢትዮጵያ ነው። እኔ የጠየቅኩህ ስለዚህ ቤት ነው» አለችኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ብዙ አነበብኩ፤ ብዙውንም ከእሷ ጋር ሆኜ ነው ያነበብኩት። አብዛኞቻችሁ እንደ ልጄ ውጭ አገር ተወልዳችሁ ወይም አድጋችሁ አማርኛን እየተማራችሁ ያላችሁ ናችሁ። ስለዚህ ጥያቄው የእናንተም ነው። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ከእንግዲህ ጠያቂዎች ሳትሆኑ ለልጆቻችሁ መላሾች ናችሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ነባር» እና «ነበር»

ከቃላቱ ልጀምር። የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍት የአሜሪካን የመጀመሪያ ነዋሪዎች «ቀይ ሕንዶች» ይሏቸዋል። ኮሎምበስ ሕንድ የደረሰ መስሎት ያወጣው ስም ላይ የቆዳ ቀለም ተጨምሮበት የመጣ ነው። ለልጄ አላስተማርኳትም። «ነባር ሕዝቦች» የሚለው ይሻላል።

«ነባር» የሚለው ቃል «ነበረ» ከሚለው ይወጣል። በግዕዝ «ነበረ» ማለት ተቀመጠ፣ ኖረ ማለት ነው። በዛሬው አማርኛ «ነበር» ስንል ስላለፈ ነገር እንናገራለን፤ «ነባር» ስንል ግን ድሮም የነበረ፣ አሁንም ያለ ማለታችን ነው። በጽሑፍ የሚለያቸው «በ» እና «ባ» ብቻ ነው። ልጆችን ይህን ታሪክ ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው፤ ነባሩን ሕዝብ «ነበር» እናደርገዋለን። ዓሣ ያጠምዱ ነበር፣ በታንኳ ይሄዱ ነበር፣ ትልልቅ የእንጨት ቤት ይሠሩ ነበር እንላለን። ልጁም ሰዎቹ እንደ ዳይኖሰር ጠፍተው ያለቁ ይመስለዋል።

እኔም ከዚህ ነፃ አይደለሁም። ልጄ መዋዕለ ሕፃናት ሳለች ለታንክስጊቪንግ በዓል ከወረቀት የተሠራ የላባ ዘውድ አድርገውላት መጣች። ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ለዘመድ አዝማድ ሁሉ ላክሁ። ዜግነት ለማግኘት ስፈተን ደግሞ ከማጠኛቸው መቶ ጥያቄዎች አንዱ የአንድ ነባር ሕዝብ ስም ጥቀስ የሚል ነበር። «ቸሮኪ» የሚለውን ያዝኩ፤ ለመጥራት ቀላል ነው። በመልስነት ከቀረቡት ስሞች መካከል እኔ የምኖርበት አካባቢ ሕዝቦች አንዳቸውም አልነበሩም። እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

እናቴ በሁለተኛው ቀን፣ «ታዲያ ሰዎቹ የት ሄዱ?» ስትለኝ ነው ነገሩ የገባኝ። የትም አልሄዱም። በዋሽንግተን ስቴት የፌዴራል መንግሥት እውቅና ያላቸው 29 ነባር ሕዝቦች አሉ። የራሳቸው ምክር ቤት፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያላቸው ብዙዎች ናቸው። የማክልሹት ሕዝብ ግዛት ሬንተን ካለው ቤታችን በመኪና ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በዚያ በኩል ስንት ጊዜ አልፌያለሁ።

የቤት ሥራው መልስ ደግሞ «ድዋሚሽ» ነው። ዛሬ ሬንተን ከተማ ባለበት ቦታ ብላክ ሪቨር የሚባል ወንዝ ከሌክ ዋሽንግተን ይወጣ ነበር፤ በወንዙ ዳርም የድዋሚሽ መንደሮች ነበሩ። በ1916 ከሐይቁ ወደ ባሕር የመርከብ ቦይ ሲቆፈር የሐይቁ ውሃ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ዝቅ አለና ወንዙ ደረቀ። ሳልመን የሚመላለስበት ወንዝ በአንድ ዓመት ጠፋ። ይህን ለልጄ ካርታ ላይ ሳሳያት ካርታውን ጠጋ ብላ አየችና፣ «ይሄ እኮ የገበያ ማዕከሉ አጠገብ ነው!» አለች። የሩቅ ዘመን ታሪክ የሰፈር ታሪክ ሆነላት።

አንድ ውል በስንት ቋንቋ

ይህ የቤት ሥራ በአስተማሪዋ በጎ ፈቃድ ብቻ የመጣ አይደለም። የቱላሊፕ ሕዝብ ተወላጅና የምክር ቤት አባል የነበሩት ጆን ማኮይ ለዓመታት ሲታገሉለት የኖሩት ሕግ አለ። በ2005 ትምህርት ቤቶች የነባር ሕዝቦችን ታሪክ እንዲያስተምሩ ተበረታቱ፤ በ2015 ደግሞ ግዴታ ሆነ። ሥርዓተ ትምህርቱ የተዘጋጀው ከነባር ሕዝቦቹ ጋር በመመካከር ነው። ልጆቹ ከሩቅ ሳይሆን በቅርባቸው ካለው ሕዝብ ይጀምራሉ፤ በተለይ ደግሞ ስለ ውሎቹ ይማራሉ። እኔ ልጅ ብሆን ውል አሰልቺ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ዋናው ነገር እሱ እንደሆነ አምናለሁ።

ጃንዋሪ 22 ቀን 1855 ከሲያትል በስተሰሜን ዛሬ ማክልቲዮ በሚባለው ቦታ ትልቅ ስብሰባ ተደረገ። በአንድ በኩል የግዛቱ ገዢ አይዛክ ስቲቨንስ፣ በሌላ በኩል የድዋሚሽ፣ የስኳሚሽ፣ የስኖኳልሚ፣ የላሚና የሌሎችም ሕዝቦች አለቆች ነበሩ። የመጀመሪያው ፈራሚ አለቃ ሲአል ነው። የሲያትል ከተማ ስሟን ያገኘችው ከእሱ ነው። ነባሮቹ እጅግ ሰፊ መሬት ለቀቁ። በምትኩ ትንንሽ የተከለሉ መሬቶች፣ ገንዘብ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቃል ተገባላቸው፤ በለመዱት ቦታ ሁሉ ዓሣ የማጥመድ መብታቸውም እንደተጠበቀ ቆየ።

አሁን ትርጉሙን ተመልከቱ። ስቲቨንስ በእንግሊዝኛ ይናገራል። አስተርጓሚው ንግግሩን «ቺኑክ» ወደሚባል የንግድ መግባቢያ ይመልሰዋል፤ ጥቂት መቶ ቃላት ብቻ ያሉት፣ ቆዳና ዓሣ ለመገበያየት የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ከዚያ ሌላ ሰው ተቀብሎ ወደየሕዝቡ ቋንቋ ይመልሰዋል። «ለዘለዓለም ለቅቀናል» የሚለውን ሐሳብ በገበያ ቋንቋ እንዴት ይሉታል? የተፈረመው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ሊያነቡት አይችሉም።

እዚህ ላይ ልጄ ንባቡን አቋረጠችና፣ «ውጫሌ!» አለች። እውነቷን ነው። በቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ተምራዋለች። በ1889 የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መጻጻፍ ይችላሉ ይላል፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ያደርገዋል። በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ዓድዋ ተዋጋን። ይሁን እንጂ ልዩነቱንም ነገርኳት፤ የእኛ ሰዎች በራሳቸው ቋንቋና በራሳቸው ፊደል የተጻፈ የራሳቸው ቅጂ ነበራቸው። «ይህ አልተባለም» ብለው ወረቀት አውጥተው ማሳየት ይችሉ ነበር። ማክልቲዮ ላይ የተሰበሰቡት ይህ አልነበራቸውም። የኢትዮጵያ ልጆች ይህን ታሪክ ከሌሎች ቶሎ የሚረዱት በዚህ በኩል ይመስለኛል። ዓድዋን ከጥያቄ መሸሻ አድርጌ አምጥቼው ነበር፤ እሷ ደግሞ ጥያቄውን ለመረዳት ተጠቀመችበት።

ከውሉ በኋላ የሆነው በአጭሩ ይህ ነው። ድዋሚሾች በራሳቸው አገር የተከለለ መሬት አልተሰጣቸውም። በ1865 አዲሲቷ የሲያትል ከተማ ምክር ቤት፣ ነጮች ቀጥረው ካላስጠጓቸው በስተቀር ነባሮች በከተማዋ እንዳይኖሩ ደነገገ። በአለቃቸው ስም የምትጠራ ከተማ ማለት ነው። የድዋሚሽ ሕዝብ በፌዴራል መንግሥት ለመታወቅ ለረጅም ዘመን ሲከራከር ቆይቷል፤ በ2001 የተሰጠው እውቅና ወዲያው ተቀለበሰ፤ በ2015ም ጥያቄው ውድቅ ተደረገ። በነባር ሕዝቦቹ መካከልም ስለዚህ ጉዳይ አንድ አቋም የለም፤ ብዙ የድዋሚሽ ዘሮች የማክልሹት ወይም የስኳሚሽ አባላት ናቸውና።

ዓሣውስ? እዚህ ላይ ነው ልጆች ዓይናቸው የሚከፈተው። ከደቡብ በኩል ያለው የኒስኳሊ ሕዝብ ተመሳሳይ ውል በ1854 ፈርሟል። ቢሊ ፍራንክ ጁኒየር የሚባል የኒስኳሊ ልጅ በ1945፣ ገና በ14 ዓመቱ፣ በአያቶቹ ወንዝ ዓሣ አጥምደሃል ተብሎ ታሰረ። ከዚያ በኋላ ከ50 ጊዜ በላይ ታስሯል። በ1960ዎቹ ቤተሰቦች ሆን ብለው መረባቸውን እየጣሉ ይታሰሩ ጀመር። ጥቁሩ አሜሪካዊ ኮሜዲያን ዲክ ግሪጎሪ በ1966 አብሯቸው አጥምዶ ታሰረ። በመጨረሻ ጉዳዩ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛ ጆርጅ ቦልት የ1850ዎቹን ቃለ ጉባኤዎች ሳይቀር አገላብጠው ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1974 ፈረዱ፤ ውሉ ነባሮቹ ከግዛቱ ዜጎች ጋር «በጋራ» ያጠምዳሉ ስለሚል ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ እስከ ግማሽ ድረስ የእነሱ ነው አሉ። በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን በዋናነት አጸናው። ቢሊ ፍራንክ በ2014 አረፉ፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ መንግሥት ለሲቪል ሰው የሚሰጠውን ከፍተኛ ሜዳሊያ ለመታሰቢያቸው ሰጠ።

ለሰቆቃ ብቻ ተብሎ የሚነገር ታሪክ ልጅን ያስፈራል ወይም ያደነዝዛል። ይህ ግን ሰዎቹ ራሳቸው የሚሠሩበት ታሪክ ነው። ልጄ የ14 ዓመቱን ልጅ አልረሳችውም፤ የገዢውን ስም ግን ረስታዋለች።

ቋንቋ የተቀሙ ልጆች

አንድ ከባድ ነገር አለ። በውሉ ቃል የተገባው «ትምህርት ቤት» ከጊዜ በኋላ አዳሪ ትምህርት ቤት ሆነ። በ2022 የወጣ የመንግሥት ሪፖርት ከ1819 እስከ 1969 ባለው ጊዜ 408 እንዲህ ያሉ የፌዴራል ትምህርት ቤቶችን መዝግቧል። ልጆች ከወላጆቻቸው ተለዩ፣ ፀጉራቸው ተቆረጠ፣ በቋንቋቸው በመናገራቸው ተቀጡ። በቅጥሩ ውስጥ የተቀበሩም አሉ። ለእናቴ ሳነብላት እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ልጅ ነጥቀው? አፍ መፍቻውን ሊያስረሱት?» አለች፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን እንዴት እንደምነግራት ከባለቤቴ ጋር ተወያየን። ስለ ቋንቋው ነገርናት፤ ስለ መቃብሮቹ ግን ጊዜው ሲደርስ እንነግራታለን። ተሳስተን ሊሆን ይችላል። ሌላ ቤተሰብ ሌላ ዕድሜ ይመርጣል።

ቅዳሜ ጠዋት አማርኛ ለመማር ከእንቅልፋችሁ በግድ የተነሣችሁ አላችሁ። ልጄም «ጠረጴዛ» ስትል «ተረፔዛ» እያለች ታስቀናለች፤ ትማረርበታለችም። የሲያትል አካባቢ ነባሮች ቋንቋ ሉሹትሲድ ይባላል። ይህ ቋንቋ እንደ አማርኛ «ጠ»፣ «ጨ»፣ «ቀ»፣ «ጰ» የመሳሰሉ፣ አየሩ ጉሮሮ ላይ ተይዞ በኃይል የሚለቀቁ ድምፆች አሉት። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከባድ ናቸው። ለምሳሌ «ዘመረ» ለማለት «ጢሊብ» ይላሉ። እናቴ ወዲያው አለችው፤ ልጄ በሦስተኛው ሙከራ።

ይህ ቋንቋ ዛሬ የሚማረው ያገኘው ቪ ሂልበርት በተባሉ የአፐር ስካጊት እናትና በጥቂት ባልደረቦቻቸው ድካም ነው። በ1918 የተወለዱት እኚህ ሴት የሽማግሌዎችን ተረት በቴፕ እየቀዱ፣ እየጻፉና እየተረጎሙ፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲም እያስተማሩ ኖረው በ2008 አረፉ። ዛሬ በቱላሊፕና በሌሎችም ቦታዎች ሕፃናት ይማሩታል። የእኛ ቋንቋ አገር ቤት ሚሊዮኖች ይናገሩታል፤ እኛ እዚህ ብንረሳው እዚያ አለ። እነሱ ግን ሌላ አገር ቤት የላቸውም።

ታዲያ እኛ ምንድን ነን?

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። «ሰፋሪ» የሚለው ቃል በአማርኛ ቀላል አይደለም። አገራችን ውስጥ «ሰፋሪ» እና «መጤ» የሚሉ ቃላት ሰዎችን ከቤታቸው ለማፈናቀል ሲያገለግሉ አይተናል። ስለዚህ በልጅ ግንባር ላይ የሚለጠፍ ማኅተም እንዲሆን አልፈልግም። ግን «እኛን አይመለከተንም» የሚለው የመጀመሪያው መልሴም ትክክል አልነበረም።

መልሱን ያገኘሁት ዜግነት ስቀበል በማልኩት መሐላ ውስጥ ነው። ቀኝ እጄን አንስቼ የአሜሪካን ሕገ መንግሥት እጠብቃለሁ ብያለሁ። የሕገ መንግሥቱ 6ኛ አንቀጽ ደግሞ አሜሪካ የተዋዋለቻቸው ውሎች የአገሪቱ የበላይ ሕግ ናቸው ይላል። የ1855ቱ ውል ሁለት ወገን አለው፤ አንደኛው ነባሮቹ፣ ሌላኛው ዩናይትድ ስቴትስ። እኔ በዚያ አዳራሽ ባንዲራ ይዤ ፎቶ ስነሣ በአንደኛው ወገን ገብቻለሁ ማለት ነው። መሬቱን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም፤ ቃል ከገቡት ጋር ግን ተቆጥሬያለሁ። ይህ በወሬ ብቻ የሚቀር አይደለም። ከመንገድ ሥር የተቀበሩ የውሃ ቱቦዎች የሳልመንን መተላለፊያ ስለዘጉ ነባሮቹ ስቴቱን ከሰው በ2018 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ረትተዋል፤ ቱቦዎቹ የሚቀየሩት በእኛም ግብር ነው። መንገድ ተዘግቶ ሥራ ስዘገይ በፊት እነጫነጭ ነበር። አሁንም እነጫነጫለሁ፤ ግን ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የምትኖሩት ሌላ አገር ከሆነ ታሪኩ ሌላ ቢሆንም ጥያቄው አይቀርም። ካናዳ ያላችሁ በየሴፕቴምበር 30 ልጆቻችሁ ብርቱካናማ ሸሚዝ ለምን እንደሚለብሱ ጠይቋቸው። ኖርዌይ ያላችሁ በ2023 ለፓርላማው የቀረበውን፣ ሳሚዎችና ሌሎች ሕዝቦች ቋንቋቸውን እንዴት እንዲተዉ እንደተደረጉ የሚናገረውን ሪፖርት ፈልጉ። ከሁሉ በፊት ግን የቅርቡን ሕዝብ ስም እወቁ፤ «ነባር ሕዝቦች» የሚለው የወል ስም ብቻውን በቂ አይደለም። በእኛ አካባቢ የድዋሚሽ ረጅም ቤት ከ2009 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው። የአለቃ ሲአል መቃብር በጀልባ ተሻግሮ ስኳሚሽ ይገኛል። ቱላሊፕም ጥሩ ሙዚየም አለ።

በሚቀጥለው መስከረም፣ እናቴ ወደ አገር ቤት ከመመለሷ በፊት፣ ሁላችንም ባላርድ ወደሚገኘው የመርከብ መሻገሪያ ሄድን። እዚያ ሳልመን ከባሕር ወደ ሐይቁ የሚወጣበት የውሃ ደረጃ አለ፤ ከመሬት በታች በመስታወት ይታያል። ልጄ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጥፋ መቁጠር ጀመረች። «አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ ለሌላው ሰው፣ አንዱ ለእነሱ...»

«እንደዚያ አይደለም» አልኳት። «መጀመሪያ ወንዝ ወጥተው እንቁላል የሚጥሉት በቂ ዓሣዎች ይለያሉ። የሚካፈሉት ከዚያ የተረፈውን ነው።»

እንደገና ከአንድ ጀመረች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ ቆማ ነበር። አንድ ትልቅ፣ ጀርባው የተላላጠ ሳልመን ውሃው እየመለሰው ደጋግሞ ሲታገል አየችና፣ «አይዞህ፣ ግባ» አለችው።